መድኃኒቱን ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቴን ኮረንቲ ያዘኝ፤ መንፈስ ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር፤ እንደምን ሰነበቱ? የእሑዱን ጉባኤ የምከታተል ልጅዎ ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፣ የምኖረው ፒያሳ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከባድ ድብርት ያዘኝ። ከአልጋ መነሣት እንኳ አቃተኝ። ሐኪም ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን 50 ሚሊ ግራም አዘዘልኝ። ዓመት ከመንፈቅ ወሰድኩትና ተመስገን ደህና ሆንኩ። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ «ከእንግዲህ በጸሎቱና በጠበሉ» ብዬ ነሐሴ 1 ቀን በአንዴ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ጭንቅላቴን ኮረንቲ እንደነካው ዝዝዝ አደረገኝ። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ይብሳል። ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ሌሊት የሚያስፈራ ሕልም አያለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ጠበል ስጠመቅም ተንቀጠቀጥኩ። አጠገቤ የነበሩ እናት «መንፈሱ ሊወጣ ነው፤ መድኃኒቱን እንዳትነኪው» አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ «ሱስ ሆኖብሽ ነው» ይለኛል። ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። መንፈስ ነው? ሱሰኛ ሆኛለሁ? መድኃኒቱን ብመለስበት እምነቴን መካድ ነው? በዚህ ጾም ለመቁረብም አስቤ ነበር።

መልስ፦ እኅቴ፣ የእናትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልሽ፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ባነበብሽበት ቀን መድኃኒቱን ወዳዘዘልሽ ሐኪም ሂጂ፤ ስልኩ ካለሽ ደውዪለት። «በአንዴ አቆምኩት፣ እንዲህ እንዲህ እየሆንኩ ነው» በዪው። ለእኔ የጻፍሽውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪው። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ ግን ሁለት ሦስት ኪኒን በአንድ ላይ እንዳትውጪ። ራስሽን እንድትጎጂ የሚገፋፋ ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ የለም። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወንድምሽን ቀስቅሺና ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል ሳነብ ቆም አልኩ፤ «በሦስተኛው ቀን» የሚለው። እኔ ርኩስ መንፈስ የለም የምል ሰው አይደለሁም። ወንጌሉን አስተምራለሁ፤ በጠበል የተፈወሱ ሰዎችንም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ርኩስ መንፈስ ኪኒን ከቆመ በኋላ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። የምትወስጂውን ዓይነት የድብርት መድኃኒት በድንገት የሚያቆም ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ልክ አንቺ የጻፍሽው ይደርስበታል። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ ድንገተኛ ለቅሶ። ያ የኮረንቲው ነገርም በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው፤ ዓይን ወደ ጎን ሲዞር እንደሚብስ ሳይቀር። አንቺ ይህን ማንም ሳይነግርሽ ከራስሽ ጽፈሽዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱ አእምሮ ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይለውጣል። ሰውነትሽ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከዚህ ጋር ተስማምቶ ኖረ። ከዚያ አንድ ቀን በድንገት ቀረበት። ወደ ቀድሞው ሁኔታ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ስላልሰጠሽው ተናወጠ። በአንድ ቀን በድንገት ጡት ያስጣሉትን ሕፃን አስቢ። እናት ስታስጥል ቀስ እያለች ነው የምታስጥለው።

ጠበል ላይ መንቀጥቀጥሽም አያስደንቅም። ነሐሴ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ፣ በባዶ ሆድ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ፣ ጭንቅላት እየተናወጠ ያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲወርድ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? እኚያን እናት ግን አትቀየሚያቸው። ለአንቺ አስበው ነው የተናገሩት።

ይህን የምልሽ እኔም ራሴ ስለበደልኩ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከጉባኤ በኋላ መጥቶ «መምህር፣ የጭንቀት መድኃኒቴን ጥያለሁ፤ አሁን በእምነቴ ነኝ» አለኝ። እኔም «እሰይ!» አልኩት። አጠገባችን የነበሩት እልል አሉ። ምን ይወስድ እንደነበር፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ሐኪሙ ያውቅ እንደሆነ አንዱንም አልጠየቅሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ልጁ አራት ሌሊት አልተኛም፤ ከቤት መውጣት ፈርቷል፤ «እግዚአብሔር ትቶኛል» ይላል። ወደ ሐኪሙ ተመልሶ፣ እየቆየ ዳነ። ዛሬ ያገለግላል። ያቺ «እሰይ» ግን እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ወንድምሽ «ሱስ» ማለቱም ልክ አይደለም። የሱስ ምልክቱ አምሮት ነው፤ መጠን እያሳደጉ መሄድ ነው፤ ለማግኘት ብሎ ቤት ንብረት መሸጥ ነው። አንቺ ኪኒኑ አላማረሽም። ከ50 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 200 ልሂድ አላልሽም። እንዲያውም ጣልሽው። ሰውነት አንድን መድኃኒት መልመዱ ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊት መድኃኒቶችም ውስጥ በአንዴ ሲቆሙ አደጋ የሚያመጡ አሉ፤ የግፊት ታማሚን ግን ሱሰኛ የሚለው የለም።

«እምነቴን መካድ ነው?» ብለሻል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ምን እንደሚል አንብቢው። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ የታመመው ሰው እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱ እንዲመለስ፣ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ይነግረውና ወዲያው ደግሞ ለሐኪም ቦታ ስጠው ይለዋል። «ወይ ጸሎት ወይ ሐኪም» አላለም። ሕዝቅያስ እያለቀሰ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በእኛው ከተማ በእንጦጦ ጠበል የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን የሚጥሉ ብዙ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለኤችአይቪ ከተባለ ለድብርት የማይባልበት ምክንያት የለም።

ደግሞ ድብርት የእምነት ማነስ ነው የሚሉሽን አትስሚ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ኤልያስ! እግዚአብሔር መልአኩን ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልሰበከለትም። ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውኃ ራስጌው አኖረለት። ኤልያስ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የሚያስለቅሰኝ መልአኩ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ነው።

አንቺ መድኃኒቱን ለማቆም መፈለግሽ በራሱ ጥፋት አይደለም። ብዙ ሰው ያቆማል። ጥፋቱ አወራረዱ ላይ ነው። ሐኪሙ ምናልባት ወደ ነበርሽበት መጠን ይመልስሽና፣ ስትረጋጊ ቀስ እያልሽ እንድትቀንሺ ይነግርሻል። ሲመልስሽ ያ ኮረንቲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቀነሰ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለራስሽም ይገባሻል። የቀድሞው ሕመም ተመልሶ ሲመጣ መልኩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው በኀዘንና በተስፋ መቁረጥ ነው የሚመጣው፤ ኮረንቲ ይዞ አይመጣም። ሁለቱን መለየት ግን የሐኪሙ ሥራ ነው።

ስለ መቀነስ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከ50 ወደ 25 መውረድና ከ25 ወደ ባዶ መውረድ በቁጥር እኩል ናቸው፤ ለአእምሮ ግን እኩል አይደሉም። ወጥ ስትሠሪ አልጫው ላይ የምትጨምሪያት የመጀመሪያ ቁንጣሪ ጨው ጣዕሙን ሁሉ ትለውጠዋለች። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ያን ያህል አይታወቁም። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው፤ ትንሿ መጠን ብዙውን ሥራ ትሠራለች። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ሲደረስ ቅነሳው ይበልጥ ማነስ፣ ይበልጥ መዘግየት አለበት። ብዙ ሰው ግማሽ ኪኒን ላይ ሲደርስ «ጨረስኩ» ብሎ ይጥልና እዚያ ላይ ይወድቃል። ለአንዳንዱ ሰው ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል፤ ለአንዳንዱ ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን ወስዶ አንድ ቀን መዝለልም አይመከርም፤ ሰውነትን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። የምትቀንሺበትን ወቅትም ምረጪ። ጾም የገባበት፣ ሥራ የበዛበት፣ የእናትሽ ተዝካር የደረሰበት ሰሞን ይለፍ።

እስኪያልፍልሽ ድረስ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የወሰድሽውን መጠን፣ የተሰማሽን በአንድ መስመር ጻፊ። ሐኪሙ ጋ ስትቀርቢ ቃል አይጠፋብሽም። ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀመጪ። ካዞረሽ አስፋልት አትሻገሪ፤ ቆሞ የሚያሳልፍሽ ሰው አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብሽ፤ እንቅልፍሽን ይሻማል። መጠጥና ጫት አትነኪ። ኮረንቲው ሲመጣ «ይህ የቅነሳው ነው፣ ያልፋል» በዪ። ፍርሃቱ ራሱ ሕመሙን ያብሰዋልና። ለወንድምሽ ይህን ጽሑፍ አስነብቢው፤ ከወቀሳ ይልቅ ማታ ማታ አብሮሽ ቢቀመጥ ይጠቅምሻል።

ቅዳሴ ላይ ቁጭ በዪ። የታመመ ሰው ቢቀመጥ ነውር የለውም። ጾሙንም በተመለከተ ፍትሐ ነገሥት በጾም አንቀጹ ላይ ለታመመ ሰው ያዝናል። በባዶ ሆድ ማቅለሽለሹ ከበረታብሽ ስንት ሰዓት ድረስ መጾም እንዳለብሽ የንስሐ አባትሽ ይወስኑልሽ። ራስሽ አትፍረጂ፤ ራስሽን አትቅጪ።

ጠበሉን አትተዪው። ጠዋት ተጠመቂ፣ ጠጪ፤ መድኃኒትሽን ደግሞ በሰዓቱ ውሰጂ።

ስለ ቁርባኑ። መድኃኒት መውሰድ ከቅዱስ ቁርባን አይከለክልም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው፤ እሱም መላ አለው። የፍልሰታ ቅዳሴ በአዘቦት ቀን የሚያልቀው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከቁርባን በፊት የሚጾመውን 18 ሰዓት ወደ ኋላ ብትቆጥሪ የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ። ሐኪምሽ የጠዋቱን ኪኒን ወደ ማታ ለማዞር ከፈቀደልሽ፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር ወስደሽ በማግሥቱ መቁረብ ትችያለሽ። አንድም ቀን መዝለል አያስፈልግሽም። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሩበት።

መቼም ይህን ሁሉ ለእኔ የጻፍሽው ለእሳቸው መንገር ከብዶሽ ይመስለኛል። ካፈርሽ አብሬሽ እመጣለሁ። እሑድ ከጉባኤው በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ ጠብቂኝ። የኪኒኑን ማሸጊያና ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።