ከፕሬድኒሶሎን መውጣትና የአንጀት ብግነት አመጋገብ፦ ጥያቄና መልስ

አብዛኞቹ ጥያቄዎቻችሁ ስለ ሁለት ሕመሞች ናቸው፦ ትልቁን አንጀት ስለሚያቆስለው አልሰራቲቭ ኮላይተስና ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ ስለሚችለው ክሮንስ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ብግነት የሚያበርደውን የስቴሮይድ ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ከሐኪማችሁ ጋር ስትነጋገሩ እንዲያግዟችሁ ናቸው፤ የየራሳችሁ የመቀነሻ ፕሮግራም ከእሱ ጋር የሚወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ 40 ሚሊ ግራም አስጀምሮኝ «ሲሻልህ በየሳምንቱ ትቀንሳለህ» ብሎኛል። በምን ያህል ልቀንስ?

የተለመደው በየሳምንቱ 5 ሚሊ ግራም መቀነስ ነው። 40፣ 35፣ 30 እያለ እስከ 5 ሲወርድ 8 ሳምንት ይሞላል። ክኒኑ ባለ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ ጠቅላላው 252 ፍሬ ይሆናል። ይህን የቆጠርኩልዎ መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ በ20 ወይም በ15 ላይ ሆነው በድንገት የሚያቋርጡ ሰዎች ስላሉ ነው። ከተቻለ ሙሉውን አስቀድመው ይያዙ።

አንዳንድ ሐኪሞች ከ20 በታች ሲሆን በየሳምንቱ 2.5 ብቻ፣ ማለትም ግማሽ ፍሬ፣ ይቀንሳሉ። ብዙ ጊዜ ለተመለሰበት ሰው እኔም ይህኛውን እመርጣለሁ። ክኒኑ በጨጓራ እንዳይሟሟ የተለበጠ ከሆነ ግን አይሰበርም፤ ያልተለበጠውን ይጠይቁ። የቀኑን መጠን በሙሉ ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ይውሰዱት። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል።

ጥያቄ፦ 10 ላይ ስደርስ ደሙ ይመለሳል። ወደ 30 ከፍ ይደረግልኛል፣ ደግሞ እቀንሳለሁ፣ ደግሞ ይመለሳል። ይህ ሦስተኛዬ ነው። ቀስ ብዬ ብቀንስ ይሳካልኛል?

በዝግታ ብቻ አይሳካም። ፕሬድኒሶሎን የተነሳውን ብግነት ያበርዳል እንጂ ዳግም እንዳይነሳ አይጠብቅም። በጀመሩ በሦስት ወር ውስጥ ከ10 በታች መውረድ ካልተቻለ፣ ወይም ባቆሙ በሦስት ወር ውስጥ ሕመሙ ከተመለሰ፣ አንጀትዎ የስቴሮይድ ጥገኛ ሆኗል ማለት ነው። መልሱ ጠባቂ መድኃኒት ነው። ለኮላይተስ ሜሳላሚን በክኒንና፣ ብግነቱ ወደ ታች ከሆነ፣ በፊንጢጣ በሚገባ መልክ ይሰጣል። ይህ ካልበቃ ወይም ሕመሙ ክሮንስ ከሆነ አዛታዮፕሪን የሚባለው የሰውነትን መከላከያ የሚያረግብ ክኒን ወይም ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች አሉ።

አዛታዮፕሪን ሙሉ ሥራውን ለመጀመር ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ አዛታዮፕሪን በጀመረ በወሩ ፕሬድኒሶሎኑን ይጨርስና መካከል ላይ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሁለቱ ተደራርበው መሄድ አለባቸው። አዛታዮፕሪን የነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደምና የጉበት ምርመራው ቶሎ ቶሎ ነው፤ አይዝለሉት።

መጠኑ እንደገና ከመጨመሩ በፊት ሰገራዎ ይመርመር። አሜባም ደም ያመጣል፤ ስቴሮይድ ደግሞ አሜባውን ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ ከ7.5 ወዲህ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፣ ጠዋት መነሳት ያቅተኛል። ሕመሙ ተመለሰ ማለት ነው?

ደም፣ ንፍጥ፣ ማማጥ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ሰገራዎ ደህና ሆኖ ድካምና ቁርጥማት ብቻ ከሆነ ግን ሰውነትዎ ስቴሮይዱን ሲያጣ የሚያሰማው እሮሮ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች በየቀኑ የሚያመነጩት ኮርቲሶል፣ የሰውነት የራሱ ስቴሮይድ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ለሳምንታት ሲወስዱ ዕጢዎቹ ይተኛሉ፤ ወደ 5 ሲጠጉ መንቃት ይጠበቅባቸዋል፣ የሚነቁት ግን ቀስ ብለው ነው። ቁርጥማቱ ሲበረታ ባሉበት መጠን ሁለት ሳምንት መቆየት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ሁለቱን የሚለየው የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ምርመራ ነው። ከ250 ማይክሮ ግራም በግራም በላይ ከሆነ ብግነት አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህ ምርመራ በማይገኝበት ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ በተወሰነ ደረጃ ያግዛል። ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንጀቱን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመታቸው ነው፣ ኮላይተስ አለባቸው። ምን ላብላቸው? እንጀራ ይተዉ ይባላል።

እንጀራን ለዘለዓለም የሚያስተው ምክንያት የለም። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን የሚፈለገው አንጀቱን የማይቧጥጥ፣ የማይነፋና ቶሎ የማያስወጣ ምግብ ነው። ለጊዜው ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮትና ዱባ በአልጫ፣ የገብስ አጥሚት በደንብ ተነፍቶ፣ እንቁላልና ዓሣ ያቅርቡላቸው። እንጀራው በግማሽ ይጀመር።

የወጡ ችግር ብዙ ጊዜ ቁሌቱ ላይ ነው። የሽንኩርቱ ብዛት ይነፋል፣ ዘይቱ ተቅማጡን ያፋጥናል፤ ሽንኩርቱን ይቀንሱ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ያድርጉ። በርበሬና ሚጥሚጣ አንጀትን አያቆስሉም፣ ግን በቆሰለው ላይ ያቃጥላሉ፤ ደሙ ከቆመ በኋላ በጥቂቱ ይመለሳሉ። ነጭ ሽሮ ከምጥኑ ይቀላል። ድፍን ምስርና ባቄላ ይቆዩ፤ ምስር ክክ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ መነፋቱ ይቀንሳል። ወተት የሚነፋቸው ከሆነ እርጎ ይሞክሩ፤ እርሾው የወተቱን ስኳር በከፊል ስለሚበላው ይቀላል።

ስቴሮይድ ጡንቻ ይበላል፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ እንዳይጎድል። ብግነት ላለበት ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ከሆኑ ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ 100 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ደግሞ 30 ግራም ገደማ አለው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። መድኃኒቱንና ምግቡን በአንድ ሰሞን አይለውጡባቸው። ሰኞ ክኒን ቀንሰው ሰኞውኑ ምስር ካበሏቸው፣ ረቡዕ ተቅማጥ ሲመጣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ምስሩም ይከለከላል፣ ክኒኑም ያለ ምክንያት ይጨመራል። ሰኞ ይቀነስ፣ አዲስ ምግብ ሐሙስ በትንሹ ይጀመር፣ ሦስት ቀን ይታይ። በደብተር ላይ ቀኑ፣ የክኒኑ መጠን፣ የተበላው፣ ስንት ጊዜ እንደተቀመጡና ደም መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ሐኪሙ ጋ ይዘውት ሲሄዱ ከማንኛውም ወሬ የበለጠ ይናገራል።

ክሮንስ አንጀቱን ላጠበበው ሰው ግን ክልከላው የጠነከረ ነው፤ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የጎመን ግንድና የብርቱካን ገለፈት አንጀቱን ሊዘጉት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾም እየመጣ ነው። 15 ሚሊ ግራም ላይ ነኝ።

ለንስሐ አባትዎ ሕመሙን ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። ቢያንስ ጠዋት ከክኒኑ ጋር መብላት ያስፈልግዎታል። ከወተትና ከእንቁላል ከራቁ ካልሲየም ይጎድላል፤ ስቴሮይድ ደግሞ አጥንት ያሳሳል። ከምግብና ከክኒን ተደምሮ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እንዲሞላ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ረመዳንን ለምትጾሙም፦ ዕጢው ገና ሳይነቃ ቀኑን ሙሉ ያለ ምግብና ውኃ መዋል ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ስለሚችል ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ በምግብ ብቻ ስቴሮይድን መተው አይቻልም?

ለክሮንስ፣ በተለይ በልጆች፣ አንድ መንገድ አለ፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምንም ሳይበሉ በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል የተሟላ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መጠጣት። ብግነቱን በእውነት ያበርዳል። ለኮላይተስ ግን በዚህ መልኩ አይሠራም። ተልባ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ የመድኃኒቱን ቦታ አይተኩም።

ጥያቄ፦ ጥሬ ሥጋ?

ስቴሮይድ ላይ እያሉ አይብሉ፤ ክትፎውም በደንብ ይብሰል። ሌላም ብዙ ያልተወራለት አደጋ አለ፦ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል። በባዶ እግር ከተረገጠ አፈር ይገባል፣ ለዓመታት ያለ ምልክት ይቀመጣል፣ በስቴሮይድ ጊዜ ግን በሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። በገጠር ያደገ ሰው፣ ዛሬ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ቢኖር፣ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ በዚያ ያለ ሐኪም ላያስበው ይችላል። የአንጀት ቲቢም ክሮንስን በጣም ስለሚመስል ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት መጣራት አለበት።

ጥያቄ፦ ክኒኑን ውጬ ቢያስታውከኝስ?

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ይድገሙት። እንደገና ካስታወከ ቤት አይቆዩ፤ ሐኪም ቤት 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን የሚባል ስቴሮይድ በመርፌ ያስፈልግዎታል። ትኩሳት ከያዘዎትና ከ10 በታች ላይ ከሆኑ፣ ሕመሙ እስኪያልፍ ጠዋት 5 ማታ 5 መውሰድ የተለመደ ነው፤ ይህን ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙበት። ቀዶ ሕክምና ካለም ስቴሮይድ መውሰድዎን ይንገሩ፤ ካቆሙ በኋላም ቢሆን እስከ አንድ ዓመት ድረስ። መድኃኒቱንና መጠኑን በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ።

ጥያቄ፦ እኅቴ ከአሜሪካ ፕሬድኒሶን ላከችልኝ። አንድ ነው?

በሚሊ ግራም እኩል ናቸው። ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከሆነ ግን 4ቱ ከ5 ፕሬድኒሶሎን ጋር ይስተካከላል፤ የዴክሳሜታዞን 0.75 ደግሞ ከ5 ጋር። ስሙን ሳያነቡ አይቀይሩ።

ጥያቄ፦ 5 ላይ ደርሻለሁ። ማቆም እንደምችል በምን አውቃለሁ?

የኮርቲሶል ምርመራ ያሠሩ። የዕለቱን ክኒን ሳይወስዱ፣ ካለፈው ክኒን 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ደም ይሰጣሉ። ከ300 ናኖ ሞል በሊትር በላይ ከሆነ ዕጢው ነቅቷል፣ ማቆም ይቻላል። ከ150 በታች ከሆነ በዚያው መጠን ይቆዩና ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገማል። በመካከል ከሆነ ባሉበት ቆይተው ከሳምንታት በኋላ ያስደግሙት። ላብራቶሪው ውጤቱን በማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ከሰጠዎ 300ው 10 ገደማ፣ 150ው 5 ገደማ ነው። ክኒኑን ውጠው የሰጡት ደም ግን ያሳስታል፤ ፕሬድኒሶሎን ራሱ በብዙ ላብራቶሪዎች እንደ ኮርቲሶል ስለሚቆጠር ውጤቱ ደህና መስሎ ይወጣል።