ያረጀ የወይን ተክል ምን ይለየዋል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ተርሊ የተባለ ድርጅት ዚንፋንዴል ከሚባለው የወይን ዝርያ የሠራውን ቀይ ወይን ገዝቶ መጣ። ጠርሙሱ ላይ «ኦልድ ቫይንስ» (ያረጁ የወይን ተክሎች) ይላል። እውነት ተክሉ ሲያረጅ ወይኑ ይጣፍጣል? ለዶሮ ወጥስ ይሆናል?
አንባቢ፣ ከኦክላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ጥሩ መርጧል። ላሪ ተርሊ ለዓመታት የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን ድርጅት ካሊፎርኒያ ውስጥ መሠረቱ፣ ቤቱም ያረጁ የወይን ተክሎች ተነቅለው እንዳይጠፉ በመንከባከብ ይታወቃል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው ሁሉ አሉ። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።

ያረጀ ግንድ ብዙ አያፈራም። የሚሰጠው ጥቂት ፍሬ ግን ጣዕሙ ጠንካራ ነው። በዚያ ላይ ዚንፋንዴል እኩል አይበስልም፤ በአንድ ዘለላ ላይ ገና ያልበሰለውና እንደ ዘቢብ የተጨማደደው ጎን ለጎን ይገኛሉ፣ ያ ሁሉ ስኳር ሲብላላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ15 በመቶ ያልፋል። ቀስ እያላችሁ ጠጡት። ደግሞ ልብ በይ፣ የአሜሪካ ሕግ «ኦልድ ቫይንስ» ለመባል ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ አልወሰነም፤ ስለዚህ አምራቹን ማወቅ ይበጃል።

ለዶሮ ወጥ? አልመክርም። አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ከጥብስ ጋር ሞክሩት፣ ከመክፈታችሁ በፊት ግን ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።