ራውተሬ ላይ ለካሜራው መቅጃ ፖርት 8000ን ከፍቼም ካሜራው ከቤት ውጭ ስሆን አልታይ አለኝ። የራውተሩ የዋን አይፒ (በኢንተርኔት በኩል ያለው አድራሻው) በ100.72 ይጀምራል፤ ምን ላድርግ?

ችግሩ ፖርት ፎርዋርዲንጉ (ራውተሩ ከውጭ የመጣን ጥያቄ ወደ መቅጃው እንዲመራ ማድረጉ) ላይ አይደለም። ራውተርህ የዋን አይፒ ብሎ የሚያሳይህ 100.72 ብሎ የሚጀምረው አድራሻ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) አይደለም። ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው፣ አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ ፐብሊክ አይፒ ለማውጣት የሚጠቀሙበት ነው። ስለዚህ ናት (ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ አይፒ የሚያወጣው አሠራር) ሁለቴ ይሠራል፤ አንዴ አንተ ራውተር ላይ፣ አንዴ እነሱ ጋ። ከውጭ የመጣ ጥያቄ እነሱ ጋ ሲደርስ ወደ አንተ የሚመራው ስለሌለ እዚያው ይቀራል። 8000ን አጥፍተህ ብትከፍተው ለውጥ የለውም።

ያሉህ መንገዶች፦

1. አገልግሎት ሰጪህ ጋ ደውለህ ፐብሊክ አይፒ ጠይቅ። አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ክፍያ አለው።
2. ካልሆነ የካሜራውን የራሱን ክላውድ አፕ ተጠቀም። ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጀምረው መቅጃው ስለሆነ ናቱ አያግደውም።
3. ፐብሊክ አይፒ ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራይተህ ዋየርጋርድ (ቤትህን ከሰርቨሩ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) መዘርጋትም ይቻላል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ፐብሊክ አይፒ ካገኘህ በኋላ ስትሞክር የስልክህን ዋይፋይ አጥፍተህ በሞባይል ዳታ ሞክር። ብዙ ራውተሮች ከቤት ውስጥ በራሳቸው ፐብሊክ አይፒ ዞሮ መግባትን አይፈቅዱም፤ የሚሠራውን አልሠራም ብለህ በከንቱ ትደክማለህ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሲሰለቻቸው መቅጃውን ዲኤምዜድ (ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ወደ አንድ መሣሪያ የሚልክበት ቅንብር) ውስጥ የሚከቱ አሉ። እንዳታደርገው፤ ሁሉም ፖርት ለውጭ ይከፈታል። የፋብሪካውን ፓስወርድ ሳትቀይርና ፈርምዌሩን (የመሣሪያውን የውስጥ ሶፍትዌር) ሳታድስ ደግሞ አንድ ፖርትም አትክፈት።