«ለቁራጭ መሬት ኮምባይነር አናስገባም» ሲሉኝ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአርሲ፣ ከሔጦሳ ነው። ግማሽ ሄክታር ስንዴ ነበረኝ። ኅዳር ላይ ኮምባይነር (አጭዶ የሚወቃውን ማሽን) ብፈልግ ደላላው «ለዚህች ቁራጭ መሬት አናስገባም» አለኝ። አሁን 12 ጎረቤታሞች በብድር ትራክተር እንግዛ እያልን ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ትራክተሩን ለጊዜው ይተዉት። 12 ሰው ግማሽ ግማሽ ሄክታር ቢኖረው 6 ሄክታር ነው። ያንን በጥቂት ቀን አርሶ ይጨርስና ደጅ ላይ ይቆማል። ብድሩ ግን አይቆምም። እናከራየዋለን ካላችሁም ሹፌር፣ መለዋወጫና መካኒክ ፍለጋ መሮጥ አለ። ያ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

ደላላ ሁሉ ጻድቅ ነው አልልም። ያሁኑ ግን ሒሳቡን አስልቶ ነው። ኮምባይነር በሰዓት አንድ ሄክታር ገደማ ያጭዳል። ለግማሽ ሰዓት ሥራ ነዳጅ አቃጥሎ መምጣት አያዋጣውም። 6 ሄክታር ጎን ለጎን የተያያዘ (ኩታገጠም) ሲሆን ግን የአንድ ቀን ሥራ ያገኛል፤ እናንተም በዋጋ መከራከር ትችላላችሁ።

ለዚህ ምክክሩ ሰኔ ላይ ይጀመር። ሁላችሁም አንድ ዝርያ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝሩ። አለዚያ የአንዱ ሲረግፍ የሌላው ገና እሸት ይሆናል፤ ማሽኑ ደግሞ ሁለቴ አይመጣም። ሁለት ተወካይ ምረጡና ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውል ጻፉ፦ የሚመጣበት ቀን፣ በኩንታል የሚከፈለው የአጨዳ ዋጋ፣ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን። መጀመሪያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችሁንና የማኅበራቱን ዩኒየን ጠይቁ፤ እዚያ ከተገኘ ደላላ አያስፈልግም።

ክፍያው በኩንታል ስለሆነ ሚዛን ይኑራችሁ። አንዱ ጆንያ ጢም ብሎ ሌላው ጎደሎ ከሆነ ጠብ ነው። ማሽኑ ድንበር ከመሻገሩ በፊትም የእህል ታንኩን ያራግፍ፤ የእርስዎ ስንዴ በጎረቤትዎ ጆንያ እንዳይገባ።

አንድ ነገር አደራ። ኮምባይነሩ ከሌላ ሰው ማሳ የስናርና የሙጃ ዘር በሆዱ ይዞ ይመጣል። ከማሳው ውጭ ክዳኖቹን አስከፍታችሁ፣ ባዶውን አስነስታችሁ በደንብ አስጠርጉት። ይህን ዘልሎ በዓመቱ «ስናሩ ከየት መጣ?» የሚል ገበሬ ብዙ አይቻለሁ።

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አይጀምር። ፍሬውን በጥርስዎ ይንከሱት፤ ቀጭ ካለ ደርሷል። ጥቂት እንደሄደ ያስቁሙትና ከኋላው፣ ባጨደው ወርድ ልክ በተለያየ ቦታ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየለኩ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ ቆጥረው አማካዩን ይያዙ። ማሽኑ ገና ካልነካው ቦታም እንዲሁ ቆጥረው ይቀንሱ፤ እሱ በራሱ የረገፈ ነው። የቀረው 100 ፍሬ ከሆነ በሄክታር ወደ 40 ኪሎ እያጣችሁ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሹፌሩ ፍጥነት ይቀንስ፣ ወንፊቱንና ንፋሱን ያስተካክል። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

ገለባውንም አይርሱ። መክተፊያ ያለው ማሽን ከሆነ እንዲያጠፋው ይንገሩት። ያኔ ገለባው በመስመር ይወድቃል፤ በማግስቱ ሰብስበው ለከብቶቹ ይከምሩታል።