ከቬጋስ በረዶ ለማየት፦ መጀመሪያ ጎማሽን እዪ

እህቴ፣ ልጆችሽ በረዶ ነክተው እንደማያውቁ፣ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ከላስ ቬጋስ ደርሳችሁ ለመመለስ እንዳሰባችሁ፣ መኪናችሁም ካምሪ እንደሆነች የጻፍሽውን አነበብኩ። ከሥሩ "ማውንት ቻርልስተን" (ከቬጋስ አጠገብ ያለው ተራራ) ብለው የመለሱልሽ ብዙ ናቸው። ቦታው ልክ ነው። ግን ይህን ብቻ ይዘው ወጥተው ከመንገድ የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ፣ የራሴም ቤተሰብ አለበት፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

1. ካይል ካንየንን እለፉትና ሊ ካንየን ሂዱ። ሁለቱም እዚያው ተራራ ላይ ያሉ ሸለቆዎች ናቸው። በዩኤስ 95 ወደ ሰሜን ስትነዱ መጀመሪያ የምታገኙት መንገድ ቁጥር 157 ወደ ካይል ይወስዳል፤ እሱን አልፋችሁ የምታገኙት 156 ወደ ሊ። ካይል ስለሚቀርብ ሰዉ እዚያ ይታጠፋል። ነገር ግን ውስጡ ሰው የሚኖርበት መንደር አለ፤ ለልጅ የሚመች ዳገት አገኘን ስትሉ የሰው ግቢ ሆኖ ይገኛል። ነዋሪዎቹ በራቸው ላይ በሚቆም መኪናና ተሰባብሮ በሚጣል የፕላስቲክ መንሸራተቻ ተማርረዋል፣ እውነታቸውን ነው። ሊ ከፍ ይላል። የስኪው ቦታ (ሰው ከፍሎ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት) 8,500 ጫማ ገደማ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ቬጋስ 2,000 ጫማ ላይ ናት። ስለዚህ ታች ያለው በረዶ ከቀለጠ በኋላም እዚያ ይቆያል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ስኪው ተከፈተ ማለት ጫካው በረዶ ለብሷል ማለት አይደለም። ወቅቱ ሲጀምር በማሽን በረዶ እየሠሩ የስኪውን ዳገት ይሸፍናሉ፣ ዙሪያው ግን ደረቅ አፈር ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን መንሸራተቻ ይዛችሁ ስኪው ላይ መውጣት ደግሞ አይፈቀድላችሁም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ ያለውን ካሜራ ክፈቱ። ከዛፎቹ ሥር ነጭ ካልታያችሁ ቀኑን ቀይሩ።

2. ዩታ ሂዱ የሚሏችሁ አሉ። ብራያን ሄድ በረዶው አስተማማኝ ነው፣ ከተማዋ ራሷ 9,800 ጫማ ላይ ናት። ግን በደህናው ቀን እንኳ ሦስት ሰዓት ያህል መንዳት ነው፣ ከታች ካለችው ከፓሮዋን ከተማ ወደ ላይ ያለው መንገድ ሽቅብ ነው፣ የዩታ ሰዓትም ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም ቀኑ ያጥርባችኋል። ለአዳር ከሆነ ደስ ይላል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ደርሶ መልስ ግን አልመክርሽም።

3. ጎማ። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይሄ እንዳይጎድልባችሁ። በረዶ ሲጥል ተራራው መንገድ ላይ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ወይም የበረዶ ጎማ የሌለው እንዳያልፍ የሚል ምልክት ይወጣል፣ ፖሊስም ቆሞ ጎማ የሚያይበት ቀን አለ።

አንድ ገና ላይ የባለቤቴ ወንድም ከነቤተሰቡ ከዳላስ መጣ። እናቴም ከደሴ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ሁላችንም አንድ ላይ እንድንሄድ ትልቅ መኪና ለመከራየት ተስማማን። እኔ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ኪራይ ቢሮው ገብቼ መጀመሪያ የጠየቅሁት "ተራራ ልንወጣ ነው፣ ይሄ መኪና በረዶ ላይ ይሄዳል ወይ?" ብዬ ነው። ያስተናገደን ልጅ "ኦል ዊል ነው (በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማለቱ ነው)፣ የትም ይወጣል" ብሎ በቀን 35 ዶላር ጨመረብን። "ሰንሰለትስ?" አልኩት። "አያስፈልጋችሁም" አለኝ። መኪናውን ያስረከቡን ማታ፣ መብራቱ ደብዛዛ የሆነ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ጠዋት እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ጋቢዋን ደርባ ሳሎን ተቀምጣለች። ከሰማይ ሲወርድ የምታውቀውን በረዶ መሬቱን አልብሶ ልታይ ነው። 156ን ጥቂት እንደወጣን ፖሊሱ አስቆመን። ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። ጎኑ ላይ ኤም እና ኤስ የሚለው፣ ለጭቃና ለበረዶ ነው የሚል ጽሑፍ አለ፣ ጥርሱ ግን አልቋል። "በዚህ ጎማ አላሳልፋችሁም" አለን። በሱ ቅር አላለኝም፣ ሥራውን ነው የሠራው፣ ንግግሩም በትህትና ነበር። ሰንሰለት ገዝቼ ልመለስ ብዬ የኪራዩን ውል ሳወጣ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ሰንሰለት ማሰር ክልክል ነው ይላል። ልጆቹ እያለቀሱ ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ "ደህና ገባን፣ ተመስገን" ብላ እኛን ልታጽናና ሞከረች፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

መኪናውን ስመልስ ያን ጭማሪ ገንዘብ መልሱልኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጇ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "ኦል ዊል ፈለግክ፣ ኦል ዊል ሰጠንህ፣ የመንገዱ ጉዳይ እኛን አይመለከትም" አለችኝ። "ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሕፃናትና አሮጊት ለሚጭን ሰው ይሰጣል ወይ?" ብላት ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ይህን ስጽፍ እንኳ ያቃጥለኛል። እኔ ጠይቄያለሁ፣ እነሱ እያወቁ ዋሽተዋል። ስለዚህ "ትልቅ መኪና ተከራዩ" ብሎ የሚመክርሽን አትስሚ። የኪራይ ውሎች ብዙዎቹ ሰንሰለት ይከለክላሉ፣ ጎማውንም የምታይው ከከፈልሽ በኋላ ነው።

በካምሪሽ ሂጂ። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ይዤ የወጣሁት በራሴ ሴዳን ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ ይዤ ሰንሰለት ገዛሁ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የትኛውን ዓይነት እንደሚፈቅድ አየሁ፣ ከዚያ አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ውስጥ በደረቅ መሬት እያሰርኩና እየፈታሁ ተለማመድኩ። ጎረቤት በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል፣ ይየኝ! ተራራው ላይ ጣት በብርድ ሲደነዝዝ መማር አይቻልም። እንደ አብዛኛው ካምሪ ያንቺም በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ሰንሰለቱ የሚታሰረው ፊት ነው። ካሰራችሁ በኋላ ጥቂት ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁት። ከዚያ በሰዓት ከ30 ማይል በታች። ደረቅ አስፋልት ስታገኙ ወዲያው ፍቱት፣ አለዚያ ተበጥሶ የመኪናውን ጎን ይገርፋል። ያን ቀን መንገድ ዳር ወጥቼ ሳስር ትልልቅ ፒክአፕ ይዘው ማሰር የቸገራቸው ሰዎች እርዳን ብለውኝ ረድቻቸዋለሁ። እናቴ ያን አይታ ለደሴ ሰው ሁሉ ስልክ ደውላ ተናግራለች።

ሰዓቱን ደግሞ ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 ሳይሆን እዚያ ድረሱ። ቅዳሜና እሑድ ማቆሚያው ቶሎ ይሞላል፣ ከሞላ ፖሊስ መኪና ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። መንገድ ዳር ማቆም ትኬት ያመጣል፣ መኪናም ያስጎትታል። ባለቤትሽ እንደኔ የሌሊት ሺፍት የሚሠራ ከሆነ ከሥራ ወጥቶ በቀጥታ እንዳይነዳ፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ጥላው ውስጥ ያለው መንገድ ደግሞ ውሃ መስሎ በረዶ ነው። የሚቻላችሁ ከሆነ ግን ቅዳሜውን ትታችሁ ራሱን የገናን ቀን ፈቃድ ውሰዱ። ለፈረንጁ ጃንዋሪ 7 ተራ ቀን ነው፣ በሥራ ቀን ከዋለ ተራራው ባዶ ይሆንላችኋል።

ነዳጅ 95 ላይ ሳላችሁ ሙሉ፤ ተራራው ላይ ማደያ የለም። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የማይረጋ ዓይነት አድርጉት፣ ቬጋስ ውስጥ ሰው ተራ ውሃ ሞልቶ ነው የሚነዳው፣ ላይ ሲደርስ ይረጋበታል። ሊ ካንየን ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፣ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ካይልንና ሊን የሚያገናኘው 158 በብርዱ ወራት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ስልካችሁ በዚያ ቢመራችሁ እሺ አትበሉት። የኔቫዳ የመንገድ መረጃ አገልግሎት 511 የመንገዱን ሁኔታ ይናገራል፣ ማታም ጠዋትም እዩት። ካይል ያለው ማውንት ቻርልስተን ሎጅ ጋ ምሳ ብሉ የሚል የቆየ ምክር ካገኘሽ እሱ በሴፕቴምበር 2021 የተቃጠለው ነው። ጾም ላይ ስለሆናችሁ የጾም ምግባችሁን በእቃ፣ ዝንጅብል ሻይ በፔርሙዝ ያዙ።

ለልጆቹ የጥጥ ካልሲ አይሆንም፣ ይረጥባል። ሙሉ ቅያሪ ልብስ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። መነጽርና የፀሐይ ቅባትም፣ ነጩ ሲያንጸባርቅ ዓይን ያማል። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ከፍታውን እንንቀዋለን፤ ቬጋስ የተወለደ ልጅ ግን ራሱን ሊያመው ይችላል፣ ውሃ አጠጪው። ደግሞ ዛፍ በሌለው ቀጥ ያለ ዳገት ሥር እንዳይጫወቱ። በጃንዋሪ 2005 እዚያው ሊ ካንየን የበረዶ ናዳ አንድ ታዳጊ ልጅ ገድሏል።

ሰንሰለቴ አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነው። የጎማሽን ልክ ጻፊልኝ፣ ከገጠመ መጥተሽ ትወስጃለሽ፣ ባለቤትሽንም አስተሳሰሩን አሳየዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ።