«ግድግዳ እያየች ዝም ትላለች»

ለአምዱ አዘጋጅ፦

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ዳር ነው፤ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። የ17 ዓመት ልጄ ከወለደች አራተኛ ወሯ ነው። የሕፃኑ አባት የ19 ዓመት ልጅ ሲሆን ኮምቦልቻ የቀን ሥራ እየሠራ አልፎ አልፎ ብር ይልካል፤ የእርሱ ነገር ብዙም አላስቸገረኝም። ትዕግሥቴን ያስጨረሰችኝ ልጄ ናት። እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ ዕቃ አታጥብም፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ከጓዳ አትወጣም። ገንፎውን አገንፍቼ፣ አጥሚቱን አፍልቼ ያረስኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሕፃኑን የማጥበውና ሌሊት ተነሥቼ የአብሽ ውኃ በማንኪያ የምሰጠው እኔው ነኝ። አንዳንዴ ሕፃኑ አጠገቧ ሲያለቅስ ግድግዳ እያየች ዝም ትላለች፤ እንዲህ ያለ ስንፍና አይቼ አላውቅም። በቅርቡ አንድ ደላላ ዕድሜዋን አስተካክሎ ዓረብ ሀገር እንደሚልካት ነግሮኛል። ሕፃኑን እኔ ባሳድገው፣ እሷም ሠርታ ብትልክለት ጥፋት ይሆንብኛል?

የደከመች አያት፣ ከሐይቅ

መልስ፦

እህቴ፣ ደላላውን ዛሬውኑ ያሰናብቱት። ለውጭ ሀገር ሥራ 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው፤ ዕድሜዋን «የሚያስተካክል» ሰው ልጅዎን ገና ከቤት ሳትወጣ የሕግ ከለላ ያሳጣታል።

እኔን ያስጨነቀኝ በመሐል ጣል አድርገውት ያለፉት ነገር ነው። ሰነፍ እናት ልጇ ሲያለቅስ እያጉረመረመችም ቢሆን ታነሣዋለች፤ ግድግዳ እያየች ዝም የምትል እናት ግን ታማ ይሆናል። ከወሊድ በኋላ ሆድ መባስ ብዙ እናቶችን ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አልፎ ወራት ሲቆይ፣ እናቲቱም ከሰውና ከልጇ ስትሸሽ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታከም ሕመም ነው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና «ሰነፈች» ሳይሆን ለእኔ የጻፉልኝን እንዳለ ለባለሙያው ይንገሩ። ራሷን ወይም ሕፃኑን ስለመጉዳት ከተናገረች ግን ለደቂቃም ብቻዋን ሳይተዉ ወደ ሆስፒታል ያድርሷት።

አብሹን ያቁሙ፤ እስከ 6 ወር ለሕፃኑ የሚበቃው የእናቱ ጡት ብቻ ነው። እርስዎ በማንኪያ ባጠጡት ቁጥር ጡቷ ሳይጠባ ያድራል፤ ወተቷም እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያ ፈንታ ሌሊት ሲነሡ ሕፃኑን ወደ እርሷ ያምጡት፤ ትራሷን ደግፈውላት ጠብቶ እስኪጨርስ አጠገቧ ይቀመጡ። ልጁንም ከኮምቦልቻ ያስጠሩት፤ አልፎ አልፎ ብር መላክ አባትነቱን አይተካለትምና በዕረፍት ቀኑ እየመጣ ልጁን ይቀፍ፣ እርሷም ያን ጊዜ ትተኛ።

መድከምዎ ይገባኛል፤ አብሽሩ። ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ የተባላችሁትን ይጻፉልኝ።