ባሌን በሳይክል ለማቋረጥ ላሰበው የለገጣፎ ልጅ

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ አንድ ወንድማችን «ለገጣፎ ነው የምኖረው። ያገለገለ የተራራ ሳይክል ገዝቻለሁ። ለገና ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በሳይክል ማቋረጥ እንፈልጋለን። ሦስት ወር አለን። ይቻላል ወይ? ምን እንያዝ?» ብሎ ጠይቋል። ከስር ግማሹ «አብደሃል» ብሎታል፣ ግማሹ «በርታ» ብሎታል። ሁለቱም ምንም አይጠቅሙትም።

እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ከጎባ ተነስቶ በፓርኩ ከፍተኛ አምባ በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ ሁለት ጊዜ በሳይክል ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ አይሱዙ ላይ ተጭኜ ነው የጨረስኩት። የምነግርህ በአብዛኛው ከዚያኛው የተማርኩትን ነው።

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል። ግን ሁሉም ሰው ዳገቱን ይፈራል። ዳገት አይገድልህም፤ ሲደክምህ ወርደህ ትገፋለህ። የሚያስቸግርህ አየሩ፣ ብርዱና ቁልቁለቱ ነው። ደግነቱ ሦስቱንም እዚሁ ከተማው ጫፍ ላይ ልትለማመዳቸው ትችላለህ።

ከአየሩ እንነሳ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ሳነቴ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ እዚያ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። እኛ የደጋ ሰዎች ስለሆንን ከቆላ ከሚመጣ ሰው የተሻለ እንጀምራለን። ግን አትታለል። እኔም ሱሉልታ ያደግሁ ነኝ ብዬ ተኩራርቼ፣ ሳነቴ ላይ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ ስነሳ ዓለም ዞረብኝ።

ልምምዱን ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ባለው ዳገት ጀምር። ከለገጣፎ ሰንዳፋ ያለው መንገድ ለእግር ማሟሻ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃህም። ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሰዓት አትያዝ። ሌላ መለኪያ ልስጥህ። ጠዋት ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛለህ። «እንደምን አደራችሁ» ብለህ ሳታለከልክ መጨረስ ካቃተህ ማርሽህ ከብዷል፤ አቅልለው። ሳነቴ ላይ የሚያዋጣው ይሄው ቀስ ያለ አነዳድ ነው። በ2013 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥም የሳይክል መንገድ አለ። ደስ ይላል፣ ግን ለአንተ ጉዳይ አጭር ነው።

ወር ካለፈ በኋላ ዕቃህን ጭነህ ውጣ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባዶ ሳይክል ሌላ ነው፤ ከኋላ ፖርቶ መጋላው ላይ አሥር ኪሎ የተጫነበት ሳይክል ሌላ ነው። ለዚህ የምመክርህ በሰበታ በኩል ወደ ሱባ ደን የሚወስደውን መንገድ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት ደን ነው። ወጨጫ ተራራ ላይ ስለሆነ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ዳገትም፣ ኮረኮንችም፣ ጭቃም አለው። ሱባ ላይ የሚፈታ ብሎን ባሌ ላይ መፈታቱ አይቀርም፤ እዚህ ቢፈታ ይሻልሃል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመጀመሪያ ጉዞዬ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አዲስ የፍሬን ሸራ ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ሱሉልታ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ሞከርኩት፤ ጥሩ ያዘ። ሳነቴን ጨርሰህ ወደ ደቡብ ስትሄድ ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሀረና ደን ይወርዳል። ለጥቂት ጥምዝ ያህል እየዘፈንኩ ነበር። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ የግራው ፍሬን ብረት በብረት መፋቅ ጀመረ። የቀኙን ስጨብጠው እስከ መሪው ድረስ ሄደ። በጫማዬ መሬቱን እየጎተትኩ፣ በመጨረሻ ሳይክሉን ዳር ካለው አፈር ላይ ጥዬ ነው የቆምኩት። ክርኔ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ሁለት ሰዓት ገደማ ቆሜ ቡና ሊጭን የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁ። እኛ ሰፈር አይሱዙ ሲመጣ ዳር እንይዛለን፤ ያን ቀን ግን እንደ አምቡላንስ ነው ያየሁት። ከባዶ ጆንያ ላይ ተኝቼ ደሎ መና ገባሁ።

ስለዚህ አዲስ ሸራ ካስገባህ ሙሉ ጭነት ይዘህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቢያንስ አምስት ጊዜ ውረድበት። ስትወርድ ፍሬኑን ጨብጠህ አትቆይ፤ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ጥምዙ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ቀንስ። በየመሃሉ ቁምና ይቀዝቅዝ። ሁለት ጥንድ ትርፍ ሸራም ያዝ፣ እንደ ጥርስ ብሩሽ ቁጠረው። ከሳነቴ 4,000 ሜትር ተነስተህ ደሎ መና ስትደርስ ከ1,500 ሜትር በታች ነህ። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልፈው በዚያች ጣት በምታህል ሸራ ላይ ነው።

ብርዱን በተመለከተ ወቅቱን በደንብ መርጠሃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው። ግን ደረቅ ማለት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጣትህ ከደነዘዘ ፍሬን መጨበጥ ያቅትሃል፣ ስለዚህ ጓንት ለምቾት ብቻ አይደለም። ለመውጫ ስስ፣ ለመውረጃ ወፍራም ያዝ። አምባው ላይ ስትደርስ በላብ የራሰውን ካናቴራ እዚያው ቀይር። ንፋሱ አይምርም።

መንገዱን እንዲህ አድርገው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከዚያ በአውቶቡስ ሂድ። ሳይክሉን ጣሪያ ላይ ስታስጭን ፔዳሉንና የፊት ጎማውን ፍታ፤ የማሰሪያ ገመድም የራስህን ያዝ። ከረዳቱ ጋር ዋጋውን ሳይጫን በፊት ተስማማ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። ትኬት ስትቆርጥ በሳይክል እንደምትሄድ ተናገር፣ የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታውንም ጠይቅ። እዚያ ሁለት ሌሊት እደር። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰውነትህ ይለምዳል። በመሃል ያለውን ቀን ጋይሳይ ሜዳ አጠገብ ዝም ብለህ ንዳ። የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ሆነህ ታያለህ።

ከዚያ በሮቤ በኩል ጎባ ትገባለህ፤ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው። ከጎባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳ። እስከ አምባው ሦስት እንጦጦ ተደራርቦ እንደማለት ነው። ራስ ምታት ከጀመረህ አረፍ በል። ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት ግን «ትንሽ ነው የቀረኝ» አትበል፤ ወደ ጎባ ተመለስ። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ መውጣት አለብኝ ወይ ብለህ ከስር ጨምረሃል። (ቃሊቲ በኩል ያለው ቱሉ ዲምቱ አይደለም፤ እሱማ ታክሲም ይወስድሃል።) የባሌው 4,377 ሜትር ነው፤ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ። እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ አለው። በእኔ እምነት ለመጀመሪያ ጉዞ ተወው። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ወጣሁት፤ ከግማሽ በላዩን ሳይክሉን እየገፋሁ ነው። ፎቶው ያምራል።

ስንቅህ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሁን። ጎባ ወይም ሮቤ ጭኮ ካገኘህ ግዛ፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሿ ጉርሻ ሩቅ ትወስዳለች። ውኃ ከጎባ ሞልተህ ውጣ።

ሳይክል ድምፅ ስለሌለው እንስሳቱ ሳያውቁህ ትጠጋቸዋለህ። ቀይ ቀበሮዋ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ዓይኗን ተክላ ስታደባ አሥር እርምጃ ያህል ላይ ደርሼ አውቃለሁ። ቁም፣ አትከተላት፣ ከመንገድም አትውጣ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያሉት። ከመንደር ውሻ ተከትሎህ ከወጣ ደግሞ ምግብ ወርውረህ አታለምደው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ከአንዴም ሁለቴ ፈጅቷል።

የሰው ነገር አያሳስብህ። ጥቂት ኦሮምኛ ብቻ ያዝ፤ «አካም» ያላለ ሰው ሳነቴ ላይ ብቻውን ነው። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ አንድ በፈረስ የሚሄዱ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ጎን ለጎን አጀቡኝ። ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አዩትና አብሮኝ ያለውን ልጅ አንድ ነገር ጠየቁት። «ይሄኛው ገብስ አይበላም ወይ?» ነው ያሉት። እኔ በሶ እየበጠበጥኩ ነበር። ኮዳውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ፈረሳቸው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ።

ሀረና ደን ውስጥ ያለችው ሪራ መንደር ስትደርስ ሌላ አገር ነው። ከአምባው ይልቅ ይሞቃል፣ ጫካው ያንጠባጥባል፣ የጫካ ቡናና ማር ታገኛለህ። እዚያ እደር።

አንድ የረሳኸው ነገር አለ። ሳይክሉ ያገለገለ ነው ብለሃል፤ ፍሬኑ የዲስክ ነው ወይስ ቸርኬውን የሚይዘው የድሮው ዓይነት? ፎቶ አንስተህ ከስር ለጥፍልኝ። የድሮው ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ይዘኸው ና፣ ሸራውን አብረን እናየዋለን።